የበረኛዋ አባት

ቨርሊን ሃስካምፕ የዳቦ መኪና ነጂ ነው። በምዕራብ ኦሃዮ፣ በበቆሎና በአኩሪ አተር እርሻ መሃል በተዘሩት ትንንሽ ከተሞቻችን እየዞረ ለየሱቁ ዳቦ ያወርዳል። ሰው ሳይነቃ ይወጣል፤ ሰው ምሳ ሳይበላ ሥራውን ጨርሶ ይገባል። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ልንገራችሁ፤ ለብቻው ያስወራዋል። ቨርሊን ከመሪው ጋር ያወራል፣ ከዝናቡ ጋር ያወራል፣ ከፊቱ እየተንቀራፈፈ መንገድ ከሚዘጋበት ትራክተር ጋር ይጨቃጨቃል። ሚስቱ ጆሊን ትታው አሪዞና ስትሄድ፣ "አንተ እኮ ከእኔ ይልቅ ከግድግዳው ጋር ነው የምታወራው" ብላው ነው የሄደችው ይባላል። መቼም ስለተፋታ ሰው የማይባል ነገር የለም።

ጆሊን ሄደች፣ ኮሪን ቀረች። አንድ ልጅ ብቻ። "አንድ ያላት እንቅልፍ የላት" የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ቨርሊንን ቢያይ ኖሮ ለአባቶችም አንድ ያወጣላቸው ነበር።

ኮሪን በዘጠኝ ዓመቷ በረኛ የሆነችው ሌላው ልጅ ሁሉ ጎል ላይ መቆም እምቢ ስላለ ነው። ቆመች፣ በዚያው ቀረች። አሁን አሥራ ሰባት ልትሞላ ነው፤ ቁመቷ አባቷን አልፏል፣ መዳፏ መጥበሻ ያህላል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ኮሌጅ ገብታ ጎል መጠበቅ። ቨርሊንም የሚፈልገው ያንኑ ነው። ምናልባትም ከእሷ ይብሳል፤ ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው።

ልጅን ለኮሌጅ ኳስ ማስመልመል ምን ማለት እንደሆነ ያላየው ሰው አይገባውም፤ ያየነውም በደንብ ገብቶናል አልልም። አጥቂ ብትሆን አንዱ ኮሌጅ በዓመት ሦስትም አራትም ይወስዳል። በረኛ ግን አንድ ናት፤ ያለችው ገና ካልተመረቀች ደግሞ እሷም ቦታ የለች። የባሰው ነገር "አንፈልግሽም" የሚል ሰው አለመኖሩ ነው። ዝም ነው የሚሉት። ልጅቷ በራሷ እጅ ለአሰልጣኞቹ ትጽፋለች፤ አባት ከጻፈላትማ አለቀላት፣ የአባት እጅ የነካውን ነገር ከሩቅ ያሸቱታል። ጽፋ ትጠብቃለች። ትጠብቃለች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር የአባቷ ልብ ስንጥቅ ይላል፤ የሚጮኸው ግን የጓደኛ መልእክት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ኮሌጅ መልእክት መጣ። "ኮሪን ሆይ፣ ችሎታሽን ስናይ ተደንቀናል፤ በሥልጠና ካምፓችን ብትገኚልን ደስታችን ነው" ይላል። ቨርሊን በደስታ ምድር ጠበበችው። በየሱቁ ዳቦ እያወረደ ለገንዘብ ተቀባይዋም ለሥጋ ቆራጩም አወራ። ቅዳሜ ሜዳ ዳር፣ ወላጆች ታጣፊ ወንበራቸውን ደርድረው በተቀመጡበት፣ ለሮንዳም ነገራት። ሮንዳ የግራ ተከላካይዋ የብሪን እናት ናት፤ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ አፏ ላይ መዝጊያ የሌላት ሴት።

"ቨርሊንዬ፣ እሱን እኮ ለሁሉም ነው የሚልኩት" አለችው። "የካምፑን ክፍያ ፈልገው ነው። ለእኔ ልጅ ለዌስም መጥቶለታል።"

"ዌስ ኳስ ጀመረ እንዴ?"

"የምን ኳስ! ዌስ ጥሩምባ ነው የሚነፋው!"

ሜዳው ዳር ያለው ወላጅ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሮንዳ ለክፋት አልተናገረችውም፤ ክፋት አታውቅም። ቨርሊን ግን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበሩን ከእነሱ አጠገብ አልዘረጋም። ከዚያ ወዲያም ዘርግቶ አያውቅ።

ካሜራ ገዛ። ካሜራውን ረጅም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰቅሎ፣ ልጁ በምትጠብቀው ጎል በኩል ካለው ማዕዘን አጠገብ ይቆማል። ከጎሉ ኋላ መቆም ክልክል ነው፤ ማዕዘኑ ጋ ሲቆሙ ግን የሚናገር የለም። እረፍት ሲሆን ማቆሚያውን ተሸክሞ፣ ሜዳውን ዳር ዳሩን ዞሮ ወደ ሌላው ማዕዘን ይሻገራል። ወላጆቹ "ሦስት እግር መጣ" እያሉ ይሳሳቁበታል። ይሰማል፤ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል። እነሱ ዳኛውን ሲሳደቡ፣ አሰልጣኙን ሲያማርሩ፣ የሰው ልጅ ላይ ሲጮኹ ይውላሉ፤ እሱ አንድም ቀን ጮኾ አያውቅም። ይህ ኩራቱ ነው። ኮሌጆቹ ልጅን ሲመለምሉ ወላጅንም በአንድ ዓይናቸው እንደሚያዩ አንብቧል፤ የሚጮህ አባት ያላትን ልጅ ጎበዝም ብትሆን ይተዋታል ይላሉ።

የቀረጸውን እቤት ወስዶ ቆርጦ ይቀጥለዋል፤ ኮሪን ስትወረወር፣ ኮሪን በቡጢ ስትመልስ፣ ኮሪን ከአጥቂ እግር ሥር ስትነጥቅ። ራሷ ላይ ቀይ ክብ ያደርግባትና ከላዩ ሙዚቃ ይጭንበታል። እሷ ደግሞ ለስንቱ ኮሌጅ ትልከዋለች። ወራት አለፉ። የቡድኗ ልጆች አንድ በአንድ ኮሌጅ አገኙ። ልጅ ቦታ ባገኘች ቁጥር አባትና እናት የኮሌጁን ስም የያዘ ተለጣፊ በመኪናቸው የኋላ መስተዋት ላይ ይለጥፋሉ፤ እኛ ዘንድ እንዲያ ነው ደንቡ። ሜዳው አጠገብ ያለው የመኪና ማቆሚያ ቀስ በቀስ የኮሌጅ ዝርዝር መሰለ። የቨርሊን መስተዋት ላይ አቧራ ብቻ ነበር።

"አይዞሽ፣ የበረኛ ነገር ይዘገያል" ይላታል።

"አውቃለሁ አባዬ" ትለዋለች። ማታ ግን ደጋግማ ስልኳን ስታይ ያያታል።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ሚቺጋን ውስጥ ካለ ቤል ሪቨር ከሚባል አነስተኛ ኮሌጅ መልስ መጣ። የጻፈችው አሰልጣኝዋ ናት፤ ኢንግሪድ ቶሊቨር ትባላለች። "ቪዲዮሽን አየሁት" ይላል። "ሙዚቃ ያለበት ቪዲዮ ላይ ሁሉም በረኛ ጎበዝ ናት። አንድ ሙሉ ጨዋታ ላኪልኝ፤ ምንም ያልተቆረጠ፣ የገባብሽ ጎል ያለበት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።"

ኮሪን ሁለት ለአንድ የተሸነፉበትን መረጠች።

"ኧረ በማርያም!" አለ ቨርሊን። "ያሸነፍንበት ስንት ጨዋታ እያለ? የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ።"

"የገባብሽን ላኪ አለችኝ እኮ። ያለችውን ነው የማደርገው።"

"ያቺ ሁለተኛዋ ጎል ግን... መውጣት ስትችዪ የተመለስሽባት።"

"አባዬ፣ ስለእሷ መኪና ውስጥ ከገባን እስክንወርድ ነግረኸኛል። በቃኝ።"

ቪዲዮዎቹ ያሉት እሱ ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ የላከው እሱ ነው። አልቆረጠም፣ አልቀጠለም፣ እንዳለ ላከው። ሁልጊዜ ሙዚቃ ስለሚጭንበት፣ ካሜራው ዓይን ብቻ ሳይሆን ጆሮም እንዳለው ትዝም አላለው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሱቅ ጓሮ መኪናውን አቁሞ የዳቦ ሳጥን ሲያወርድ ስልኩ ጮኸ።

"አቶ ሃስካምፕ? ኢንግሪድ ቶሊቨር ነኝ፣ ከቤል ሪቨር።"

ቨርሊን ሳጥኑን አስፋልቱ ላይ አስቀመጠው። "አቤት አሰልጣኝ! ኮሪን አሁን ክፍል ውስጥ ናት፤ ስልኳን ልስጥዎት?"

"የእሷማ አለኝ። የፈለግሁት እርስዎን ነው። ከወላጅ ጋር እምብዛም አላወራም፤ እንዳይቆጡኝ ብቻ።"

"ኧረ ምን ያስቆጣኛል!"

"ቪዲዮውን ሁለቴ አየሁት። ከካሜራው አጠገብ የሚናገር ሰው አለ።"

"የሚናገር?"

"ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው። 'ውጪ' ይላታል፣ ትወጣለች። 'ቆዪ' ይላታል፣ ትቆማለች። ማነው?"

"እኔ... እኔ ነኝ መሰለኝ። ጮኼ ግን አላውቅም።"

"አልጮኹም። ለዚያ ነው ሁለቴ ያየሁት። ኳስ ይገባዎታል፤ አብዛኛው ያሉት ነገር ልክ ነው። ግን እኔ ያለኝ አንድ ቦታ ነው፤ እጄ ላይ የቀሩት ደግሞ ሁለት ልጆች ናቸው። ጨዋታውን የሚያነበው ማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እሷ ናት ወይስ እርስዎ?"

"እሷ ናት! እሷ እኮ ከልጅነቷ..."

"እኔም እሷ ብትሆን ደስታዬ ነው፤ እርስዎን መመልመል አልችልማ።" ትንሽ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። "እሁድ ጨዋታዋን ለማየት እመጣለሁ። ቤትዎ ይቅሩ አልልም፤ ልጅዎ ናት። እኔ ማየት የምፈልገው ግን ልጅቷን ብቻዋን ነው። ካላየኋት ሌላዋን እወስዳለሁ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቨርሊን ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ቀረ። የሱቁ ሰው ወጥቶ "ምነው፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?" ሲለው ነው የነቃው። በለፈለፉ ይጠፉ ይላሉ፤ እሱ ግን መለፍለፉንም አላወቀም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኮሪን ልምምድ ላይ ሳለች ኮምፒዩተሩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፈተና ያንን ጨዋታ አስጀመረው። ምስሉን መቶ ጊዜ አይቶታል። ድምፁን ሰምቶት አያውቅም።

ገና ጨዋታው ሳይጀመር አንድ ሰው ያንሾካሹካል። "እጅሽን አሙቂ። አዎ። ትከሻ።" የእሱ ድምፅ ነው፤ ግን የማያውቀው ሰው ድምፅ መሰለው፣ ዝቅ ያለ፣ የማያባራ። "ውጪ ኮሪ። አሁን። ጎበዝ። ተመለሽ። ግራ፣ ግራ፣ ግራ። አትቸኩዪ።" ጸሎት የሚደግም ሽማግሌ ይመስላል። እንኳን ሌላውን ሰው፣ ቨርሊንን ራሱን አስጠላው።

ከዚያ ዓይኑን ልጁ ላይ ተከለ። "ውጪ" ይላል፤ ትወጣለች። ከቃሉ በፊት አትወጣም፣ ከቃሉ በኋላ ነው፣ ትንሽ ዘግይታ፣ ሰምታ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት "እንዴት አድርጋ ታነበዋለች!" እያለ ሲኮራ ኖሯል። ሲያነብላት ኖሯል ለካ።

ሁለተኛዋ ጎል ደረሰች። አጥቂዋ ኳሱን ወደፊት ገፋ አድርጋ ስትሮጥ ኮሪን ወጣች። ማንም ሳይነግራት፣ በራሷ፣ ገና በጊዜው ወጣች። ካሜራው አጠገብ ያለው ሰው "ቆዪ!" አላት። ልጅቷ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ወደኋላ ተመለሰች። ኳሱ በአጠገቧ አልፎ ገባ።

ቨርሊን መለሰና አየው። ደግሞ አየው። ስለዚያች ጎል የሁለት ሰዓት መንገድ ሙሉ ነው ልጁን የጨቀጨቃት። እሷም መስኮት መስኮቱን እያየች፣ አንድ ቃል ሳትመልስለት ሰምታዋለች። ታውቅ ነበር እንዴ? ታውቅ ነበር። ከሰማችው በላይ ማን ያውቃል?

እረፍቱ አካባቢ ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ። ሣር ላይ የሚረግጥ እግር፣ ከዚያ ሮንዳ። "ቨርሊን፣ ትኩስ የቺሊ ወጥ አምጥቻለሁ፣ ና እንጂ ከእኛ ጋር ቅመስ። ብርድ ላይ ብቻህን እንደ ምሰሶ ተተክለህ!" ሰውዬው "ቀኝሽን ሸፍኚ" ብሎ አንሾካሾከ፤ ጨዋታው ቆሞ ሳለ። እግሯ ጥቂት ጠብቆ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ሰው አጠገቡ አልመጣም። ቨርሊን ይህንን ጥሪ ፈጽሞ አላስታወሰውም። ስንቱን እንዲህ አሳልፎ ይሆን? ብቸኝነትን ሰው ጣለብኝ ሲል ኖሮ፣ እዚያ ማዕዘን ላይ በገዛ እጁ ሲተክለው ሰማ።

ለኮሪን አልነገራትም። ቢነግራት እሁድ የምታስበው ስለ እሱ ነው፤ የእሷ ቀን የእሱ ቀን ሊሆን ነው። ዝም አይነቅዝም ብሎ ዋጠው።

እሁድ ወደ ሜዳው ሲነዱ "ዛሬ ወገቤን ይዞኛል፤ መኪና ውስጥ ልቀመጥ" አላት።

"ካሜራውስ?"

"ባትሪው ሞቷል።"

ዞር ብላ አየችው። "ወገብህና ባትሪው በአንድ ቀን?"

"እርጅና ነዋ። በያ ሂጂ፣ እንዳትዘገዪ።"

ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። ሁልጊዜ ከመውረዷ በፊት የሚላት ነገር ነበረ፤ ስለ ተቃራኒ ቡድን፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ፀሐዩ። ዛሬ አፉን ከፍቶ ዘጋው። እሷም የምትጠብቀው ይመስል እጀታውን ይዛ ጥቂት ቆማ ሄደች።

መኪናውን ከተደረደሩት የፕላስቲክ ሽንት ቤቶች ኋላ አቆመ፤ ከዚያ ሜዳው አይታይም። ጩኸቱ ብቻ ይመጣል። ሰው ሲጮህ ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት ከሩቅ አይለይም። "ኡ!" ሲሉ ልቡ ይቆማል፤ ያገባነው ይሁን የገባብን አያውቅም። እጁን ታፋው ሥር ከቶ ተቀመጠበት። ከንፈሩ ግን "ውጪ... ቆዪ..." ይላል፤ ማንንም ሳያይ፣ ለማንም ሳይሆን። ሲሰማው አፉን በመዳፉ ያዘው።

ከእረፍት በኋላ ሮንዳ ከመኪናዋ ብርድ ልብስ ልትወስድ መጥታ አየችው።

"አንተ! እንደ ተጣለ ጎማ እዚህ ምን ታደርጋለህ?"

"ወገቤን ነው።"

"ወገብህን ተወው! የቤል ሪቨር ጃኬት የለበሰች ሴት ጎሉ ጎን ተቀምጣ ዓይኗን ከልጅህ አልነቀለችም። የሕይወትህ ቀን ነው እኮ፣ አንተ ሞኝ!"

"አውቃለሁ ሮንዳ። በእሷ ምክንያት ነው።" ነገራት። ስልኩንም፣ ቪዲዮውንም፣ "ቆዪ" ያለባትን ጎልም። ስለ ቺሊው ሊነግራት ፈልጎ አልቻለም። ሮንዳ ዝም ስትል በከተማችን ያየ ሰው የለም፤ ያን ቀን ዝም አለች። ብርድ ልብሱን እቅፍ አድርጋ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ቆመች።

"ስንት ለስንት ነን?" አላት።

"አንድ ለአንድ። ሊያልቅ ነው።"

ፊሽካ ተነፋ፣ ረጅም። ከዚያ የጩኸት ማዕበል። ሮንዳ ሽንት ቤቶቹ ጥግ ድረስ ሮጣ አንገቷን አስግጋ አየችና ዞረች። "ፔናሊቲ! በእኛ ላይ!"

"ማን ልትመታ ነው?"

"ባለ ቀይ ፀጉሯ ልጅ!"

ቨርሊን ያቺን ልጅ ያውቃታል። ሦስት ጊዜ ስትመታ ቀርጿታል፤ ሦስቱንም በበረኛዋ ቀኝ በኩል መሬት ለመሬት ነው የላከችው። ኮሪንም አይታዋለች፤ ግን በጭንቅ ሰዓት ሰው ያየውን ይረሳል። በሩን ከፈተ። አንድ እግሩ ጠጠሩ ላይ አረፈ። እስከ ማዕዘኑ ትንሽ ሩጫ ናት፤ ይደርሳል። አንድ ቃል ናት፣ "ቀኝሽን"፣ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ዝም ይላል። አሰልጣኝዋ ላትሰማ ትችላለች። የልጁ ኮሌጅ፣ የስንት ዓመት ብርድና ጭቃ፣ ሁሉም በዚያች ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

እግሩን ወደ ውስጥ መለሰ። በሩን ዘጋ። መስኮቱንም ጠቅልሎ ዘጋው፤ ራሱን ስላላመነው።

ጸጥ አለ። በመስተዋቱ ውስጥ የሚያየው የሮንዳን ጀርባ ብቻ ነው። ጀርባዋ ቆመ። ቆመ። ከዚያ ያቺ ሰፊ ሴት ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ወርውራ ዘለለች፤ ብርድ ልብሱ ወደቀ፣ ረገጠችው፣ እንደገና ዘለለች። ሮንዳ ለተቃራኒ ጎል አትዘልም። ቨርሊን መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ አለቀሰ። ምን ይደበቃል፣ ስቅስቅ ብሎ ነው ያለቀሰው።

ኮሪን ስትመጣ ጭቃ በጭቃ ናት። ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች።

"ሰጠችኝ" አለች። "አሰልጣኝ ቶሊቨር። እዚያው ሜዳ ላይ ነገረችኝ። ቦታው የኔ ነው።"

"ኮሪ... የኔ ልጅ..." አቀፋት፤ ጭቃው ሁሉ ሸሚዙ ላይ ቀረ።

"ፔናሊቲውን ሰማህ?"

"ሮንዳ ነገረችኝ። በቀኝሽ ያዝሻት አይደል?"

"በግራዬ ነው። ሁልጊዜ በቀኝ ነበር የምትመታው፤ ዛሬ ግን የቆመችበትን እግር ሳየው ወደ ግራዬ ዞሯል።"

ቨርሊን አንገቱን ነቀነቀ። ደጋግሞ ነቀነቀ። በሩን ከፍቶ "ቀኝሽን" ሊላት እንደነበር ሳይነግራት መኪናውን አስነሳ።

የበቆሎው አገዳ በታጨደበት መንገድ ትንሽ እንደሄዱ "አባዬ፣ ወገብህ እንዳልሆነ አውቃለሁ" አለችው።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ልክ እንደጀመርን ማዕዘኑን አየሁት፤ ባዶ ነው። መጀመሪያ ፈራሁ። እውነቴን ነው። ከዚያ..." ጓንቷን እያገላበጠች ቃሉን ፈለገች። "ከዚያ ጸጥ አለ። ኳሱን ሰማሁት። የብሪንን ትንፋሽ ሁሉ ሰማሁት።"

"ጥሩ ነዋ።"

"አባዬ፣ ትቆጣለህ?"

"ለምን እቆጣለሁ?"

"ቅዳሜም... ቅዳሜም ባትመጣ ቅር ይልሃል?"

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ መሪውን የሚያዞርበት ነገር የለም፣ እሱ ግን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘው። "ኧረ ምን ቅር ይለኛል" አለ። "እንዲያውም ልነግርሽ ነበር፤ ቅዳሜ ሥራ አለኝ።" ቨርሊን ቅዳሜ ሥራ እንደሌለው የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ለእሷ ጨዋታ ብሎ ቅዳሜውን ለሌላ ነጂ ከሰጠ ዓመታት አልፈዋል። ኮሪንም ታውቃለች። "እሺ አባዬ" አለችው፤ ክንዱን ነካ አድርጋው ወደ መስኮቱ ዞረች።

ቅዳሜ እሷ ራሷ ነድታ ሄደች። ቨርሊን መኪና አጠበ። የታጠበውን እንደገና አጠበ። ጋራዡን ጠረገ፤ ጎረቤት አልፎ "ዛሬ ጨዋታ የለም እንዴ?" ሲለው "አለ" ብሎ መጥረጉን ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰች፤ ከአረማመዷ ገባው።

"ሦስት ለአንድ" አለች ቦርሳዋን ጥላ። "ልታጠብ።"

"እንቁላል ልጥበስ?"

"ጥበስ።"

መጥበሻውን ጣደ፣ እንቁላሉን ሰበረ። ሦስት ጎል! እንዴት ገቡ? ከየት? አጥቂዋን ማን ለቀቃት? አፉ ውስጥ ሃያ ጥያቄ ተሰልፏል። ታጥባ ስትወርድ አንዱን ብቻ እጠይቃታለሁ ብሎ ወሰነ፤ የትኛውን እንደሚጠይቃት ሲያመነታ ስልኳ ጮኸ።

ደረጃው ላይ ተቀምጣ አነሳችው። "አሰልጣኝ ቶሊቨር! አዎ... አዎ፣ ተሸነፍን።" ድምፅዋ ለእሱ ከተናገረችበት ድምፅ ሌላ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ የትልቅ ሰው። "የመጀመሪያዋ ማንም አይይዛትም ነበር። ሦስተኛዋ ግን የኔ ናት። መቆየት ነበረብኝ፣ ቸኩዬ ወጣሁ።" አዳመጠች። "እንዴ! ... እሱንስ አላሰብኩትም።" ሳቀች። ቨርሊን እሳቱን ቀነሰው፤ የዘይቱ ጩኸት አላሰማ ስላለው።

ኳሱ የት ነበር? አጥቂዋ በየትኛው እግሯ ነበረች? ምናልባት መውጣቷ ልክ ነበር። ምናልባትም መቆየት ነበረባት። እሱ አላየውም።

"አይ፣ አባቴ አልነበረም" ስትል ሰማት። "ብቻዬን ነው የሄድኩት።" በሐዘንም በኩራትም አልተናገረችውም፤ ዝናብ ጥሏል እንደሚባል ነው ያለችው። ከዚያ ስለ ሁለተኛዋ ጎል ማውራት ቀጠለች።

ቨርሊን እንቁላሉን በሁለት ሳህን አወጣ። ሹካ አስቀመጠ፣ ጨው አቀረበ፣ ተቀመጠ። ወሬው ረዘመ። እንቁላሉ እየቀዘቀዘ መጣ፤ አልጠራትም።